የተጠራው ምስክር፦ «ሳይቴሽን» ስለሚባለው ቃል ዳሰሳ

አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ጥቅስ ሳያነብ አይወርድም። ከሾፌሩ ራስ በላይ፣ በበሩ፣ በኋላው መስታወት ላይ ተለጥፏል፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ብር፣ ስለ ሰው ልብ ይናገራል። ማን እንደተናገረው ግን አይጻፍም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ያገራችን ሰው ደግሞ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲነዳ ፖሊስ አስቁሞ ወረቀት ይሰጠዋል። እሱ ለጓደኛው ሲያወራ «ቲኬት ሰጡኝ» ይላል፤ ወረቀቱ ግን ራሱን «ሳይቴሽን» ብሎ ይጠራል። ፍቺው ምን ይሆን ብሎ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ቢገልጥ «ጥቅስ» የሚል ያገኛል። በታክሲ የተለጠፈውና የሜሪላንዱ ነጂ የተቀጣበት እንዴት አንድ ስም ኖራቸው?

ቃሉ በዚህ አያበቃም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መምህር የሚሾምበት ቁጥር ይሆናል። ጦር ሠራዊት ውስጥ የጀግና ሥራ ተዘርዝሮ የሚነበብበት የክብር ጽሑፍ ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ዘንድ ከመጽሐፍ ተቀድቶ በካርድ ላይ የሰፈረ ዓረፍተ ነገር ነው። ጠበቃ ዘንድ የቀድሞ ፍርድ አድራሻ ነው። እነዚህን ሁሉ ሳጠና የደረስሁበት ነገር አንድ ነው፦ ፍቺዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው ሰው መጥራት ነው። የሚጠራው ቀርቦ እንዲናገር ነው፤ ተጠርቶ ሳይሰማ ከቀረ ግን ጥሪው ምን ዋጋ አለው? በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሥሩ እንነሣ። ላቲኑ «ኪታሬ» ነው። መጀመሪያ ማንቀሳቀስ፣ ካለበት ማስነሣት ማለት ነበር፤ ከዚያ በችሎት ፊት ሰውን በስሙ ጠርቶ ማቅረብ ሆነ። ስሜት መቀስቀስን የሚናገረው «ኤክሳይት»፣ ለጠብ ማነሣሣትን የሚናገረው «ኢንሳይት»፣ በቃል መድገምን የሚናገረው «ሪሳይት» ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ቃሉ በመካከለኛው ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የያዘው የችሎቱን ፍቺ ነበር፦ «ቅረብ» የሚል ትእዛዝ፣ እኛ መጥሪያ የምንለው። መጽሐፍ ጠቅሶ መናገር የሚለው ፍቺ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እንግዲህ የሜሪላንዱ ወረቀት አዲስ ፍቺ አላመጣም፤ የጥንቱን ነው የያዘው። ወይ ክፈል፣ ወይ ቀርበህ ተከራከር ይላል። በስኮትላንድም ምስክርና የዳኝነት ሸንጎ አባል ለችሎት የሚጠራበት ወረቀት እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይታወቃል። ምሁሩ ነው ቃሉን ከችሎት የተዋሰው።

አሁን ወደ እኛው «ጠቀሰ» ልመለስ፤ እኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው። አማርኛ ሰውን በዓይን ይጠቅሳል፣ በእጅም ይጠቅሳል። በሉቃስ ወንጌል መረባቸው በዓሣ ብዛት ሊቀደድ የደረሰባቸው ሰዎች በሌላ ታንኳ ያሉትን ባልንጀሮቻቸውን መጥተው እንዲያግዙ ሲጠሩ፣ የአማርኛው ትርጉም የተጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው፤ ጠቀሷቸው ይላል። መጥቀስ ማለት እንግዲህ በዝምታ «ና» ማለት ነው። ላቲኑና አማርኛው በዘር አይገናኙም። ሆኖም ሁለቱም ሕዝቦች የሌላን ሰው ቃል ወደ ራሳቸው ንግግር ማምጣትን ስም ሊያወጡለት ሲሹ፣ ከሩቅ ያለን ሰው የመጥራትን ግስ አነሡ። ላቲኑ በአዋጅ ነጋሪ ድምፅ፣ የእኛው በዓይን ቅንድብ። ከዚሁ ቤት «አጠቀሰ»ም አለ፤ ቁራሽ በወጥ፣ ብዕር በቀለም ይጠቀሳል። የሌላውን ቃል መጥቀስም እንደዚያው ነው፤ ጫፉን ብቻ ነክረን እናወጣለን እንጂ ወጡን በሙሉ አንገለብጥም።

ለመጽሐፍ ዝርዝር የመረጥነው ስም ደግሞ «ዋቢ» ነው። ዋቢ ዋስ ነው፣ መከታ ነው፤ ነገር ቢመጣ ከኋላ ቆሞ «አለሁ» የሚል። በዚህ አማርኛው ከእንግሊዝኛው የጠለቀ ይመስለኛል። እንግሊዝኛው የተጠቀሰውን ሰው ምስክር ያደርገዋል፤ አማርኛው ተያዥ ያደርገዋል። ምስክር ያየውን ተናግሮ ይሄዳል፤ ዋስ ግን ነገሩ ሐሰት ቢሆን ዕዳው ይደርስበታል። ዋስ ሳያውቅ ስሙን የሚያስመዘግብ ሰው በአገራችን ምን እንደሚባል ይታወቃል። በጥናታዊ ጽሑፍ መጨረሻ ሠላሳና አርባ «ዋቢ» ሲደረደር ግን ከመካከላቸው ስንቱ ዋስ መሆኑን ያውቃል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

«ሳይቴሽን»ን ከ«ኮቴሽን» ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ኮቴሽን የመጣው «ስንት» ከሚል የላቲን ቃል ሲሆን መጀመሪያ መጽሐፍን በምዕራፍና በቁጥር መከፋፈል ማለት ነበር። ቃል በቃል ወስዶ በትእምርተ ጥቅስ መክተት የሚለው ፍቺ ከዚያ ወጣ፤ «ስንት» የሚለው መነሻውም አልጠፋምና ነጋዴ የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ፣ የእኛ ቢሮዎች ፕሮፎርማ የሚሉት፣ በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ባጭሩ ኮቴሽን ቃሉን ያመጣል፤ ሳይቴሽን ባለቤቱን ይጠራል። አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር ይችላል። የታክሲው ጥቅስ ባለቤት የሌለው ቃል ነው፤ የምሁሩ የግርጌ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ቃል የሌለው ባለቤት ነው። አማርኛ ሁለቱንም «ጥቅስ» ማለቱ ለተማሪዎቻችን ችግር ሆኗል። «ጥቀስ» ሲባል አንቀጹን በሙሉ ገልብጦ በትእምርተ ጥቅስ አጥሮ የሚያመጣ ተማሪ፣ ቃሉ ያለውን ነው ያደረገው። «ሳይት» ብሎ በግእዝ ፊደል መጻፍም አይረዳም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሳይት ላይ ነኝ ያለ ሰው የሚታሰበው ሲሚንቶ ሲያራግፍ ነው።

ቃሉ ከመጥሪያነት ወደ ዋቢነት የተሻገረበትን ድልድይ የሠሩት ጠበቆች ናቸው። እንግሊዝና አሜሪካ የሚመሩበት ሥርዓት ያለፈውን ፍርድ ለመጪው መመሪያ ያደርጋል። ስለዚህ ጠበቃው ሕያው ምስክር እንደሚጠራ ሁሉ የሞተ ዳኛ ይጠራል፦ በዚህ ቅጽ፣ በዚህ ገጽ እንዲህ ተፈርዷል ይላል። እኛም ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ዓ.ም. ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ከተደነገገ ወዲህ፣ የሰበር መዝገብ ቁጥር ሳይጠቅስ የሚከራከር ጠበቃ ማግኘት ያዳግታል። በአሜሪካ የአጠቃቀሱ ሕግ ራሱ መጽሐፍ ወጥቶለታል። ብሉ ቡክ የሚባለው መመሪያ በ1926 ሲወጣ 26 ገጽ ነበር፤ በኋላ ከ500 ገጽ በላይ ደረሰ። ዳኛ ሪቻርድ ፖዝነር በ2011 በዬል የሕግ መጽሔት አምርረው ነቅፈውታል፤ ነጥብና ሰረዝ ሲለቀም ክርክሩ ይዘነጋል ባይ ናቸው። እኔም የነጥብና የሰረዙን ነገር በዚሁ ልተወው።

ከጠበቆቹ አንድ ፈጠራ ግን ዓለምን ለወጠ። የተጠራው ዳኛ ፍርዱ በኋላ ተሽሮ ከሆነስ? በ1873 ፍራንክ ሼፐርድ የተባለ የኢሊኖይ ሰው እያንዳንዱን ፍርድ በኋላ የጠቀሱትን ፍርዶች ከሥሩ እየዘረዘረ ማሳተም ጀመረ፤ የጸናው እንደጸና፣ የተሻረው እንደተሻረ እየተመለከተ። ጠበቃው መጽሐፉን ከፍቶ ምስክሩ እስከ ዛሬ የታመነ መሆኑን ያረጋግጣል። ከዚያ በፊት ጥቅስ የሚያየው ወደ ኋላ ብቻ ነበር፤ ሼፐርድ ወደ ፊት እንዲያይ አደረገው። ከ80 ዓመት በኋላ ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል ወጣት ይህን አሠራር ሰማ። ለሳይንስስ ለምን አይሆንም ብሎ በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሐሳቡን አቀረበ። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ አንድ ጽሑፍ የተሳሳተ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሰው ሳያውቅ እንዳይጠቅሰው፣ የሐሳብም ሐረግ ከአባት ወደ ልጅ እንዲከተል። በ1964 ለገበያ የቀረበው የሳይንስ የጥቅስ ማውጫ በ613 መጽሔቶች ተጀመረ።

ነገሩ የተጣመመው እዚህ ላይ ነው። ማውጫ የሠራ ሰው መቁጠርም ይችላል። መጽሔት በሁለት ዓመት ያወጣቸው ጽሑፎች በቀጣዩ ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ የሚለው ስሌት «ኢምፓክት ፋክተር» ተባለና ቤተ መጻሕፍት የትኛውን መጽሔት ይግዙ ለማለት የታሰበው ቁጥር ሰውን መመዘኛ ሆነ። በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ የግለሰብ ሚዛን አወጣ፦ 20 ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሱ ቁጥርህ 20 ነው። ቅጥር፣ እድገት፣ የምርምር ገንዘብ በዚህ ይወሰን ጀመር። በሳን ፍራንሲስኮ በ2012 መጨረሻ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች መጽሔት የሚለካበትን ቁጥር ለሰው መለኪያ አታድርጉ የሚል ጥሪ አውጥተዋል፤ ብዙ ተቋማትም ፈርመውበታል። ልማዱ ግን ከፊርማው ይልቅ ጸንቷል።

መቁጠር ምን ያጠፋል? ምስክር ሲቆጠር ምን እንዳለ አይሰማም። ሳይንሳዊ ጽሑፎች በጥቅስ ብዛት ሲደረደሩ በ2014 የተገኘው አንደኛ፣ ከ305 ሺህ ጊዜ በላይ የተጠቀሰው፣ በ1951 የወጣና ፕሮቲን እንዴት እንደሚለካ የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። ጠቃሚ ነው፤ ላብራቶሪ የገባ ሁሉ ይፈልገዋል። ሆኖም ሰው ዓለምን የሚያይበትን የለወጡ ብዙ ግኝቶች ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ የሉም። በተቃራኒው ደግሞ ለመንቀፍ የተጠቀሰም እንደ ክብር ይቆጠርለታል። በ1998 የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘው፣ በ12 ሕፃናት ላይ የተመሠረተው ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል፤ የተጠቀሰው ግን ከ1 ሺህ ጊዜ በላይ ነው፤ ብዙው ለነቀፋ። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ታላቅ ሥራ ነው ሊል ይችላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለመጽሔት የላክሁት ጽሑፍ ተቀባይነት የሚያገኘው ያው መጽሔት ካወጣቸው ጽሑፎች አራቱን ከጨመርሁ ብቻ መሆኑ ተነገረኝ። አንብቤያቸው ነበር፤ ከጉዳዬ አይገናኙም። ጽሑፉን አንሥቼ ሌላ ዘንድ ወሰድሁት። ዓመት ዘገየ፤ ግን ያልሰማሁትን ሰው ምስክሬ ነው ብዬ ፊርማዬን አላኖርም።

ጥቅስ ሰው ይገድላል ብል ማጋነን የሚመስለው አንባቢ ቀጥሎ ያለውን ይፍረድ። በ1980 ጥር ወር «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን» ከአንባቢ ደብዳቤዎች ጋር አንዲት ደብዳቤ አወጣ። ደራሲዎቹ የቦስተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ጄን ፖርተርና ኸርሸል ጂክ ናቸው። አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ ሕሙማንን መዝገብ ቆጥረው፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ናርኮቲክ ማስታገሻ ከተሰጣቸው 11,882 ሰዎች መካከል፣ ቀድሞ ሱስ ያልነበረባቸው ሆነው በሰነድ የተረጋገጠ ሱስ የታየባቸው አራት ብቻ ናቸው አሉ። መድኃኒቱን ያገኙት ግን ሆስፒታል ውስጥ፣ በነርስ እጅ፣ ለጥቂት ቀን። ቤቱ ሄዶ ለወራት ስለሚወስድ ሰው አንድም ቃል የለም።

ከዚያ መጠቀስ ጀመረች። ኦክሲኮንቲን የተባለው ጠንካራ ማስታገሻ ገበያ ከወጣበት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ጥቅሱ በረታ። በ2017 ተመራማሪዎች ያን ደብዳቤ የጠቀሱትን 608 ጽሑፎች አንድ በአንድ አንብበው ያገኙትን በዚያው መጽሔት አወጡ። ከመቶ 72ቱ ያህል ሱስ ብርቅ ነው ለሚል ማስረጃ አድርገዋታል። ከመቶ 80 በላይ የሚሆኑት ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አልጠቀሱም። «ሰፊ ጥናት» ያላትም ነበር፤ አምስት ዓረፍተ ነገሯን። በመካከሉ በአሜሪካ መቶ ሺዎች በዚህ መድኃኒት ዘመዶች ሞተዋል። ደብዳቤዋ ብቻዋን አልገደለችም፤ የኩባንያ ሽያጭ፣ የሐኪም ልማድ፣ የመንግሥት መዘናጋት አለበት። ግን ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲያዝ እንዳይፈራ ያደረገው አንዱ ነገር ከገጹ ግርጌ ያለች ትንሽ ቁጥር ናት። ጂክ ራሳቸው በኋላ፣ ደብዳቤያቸው ላልሆነ ነገር እንደዋለችና እንዳዘኑበት ተናግረዋል። ምስክሩ ያላለውን አለ ተብሎ ሠላሳ ዓመት ሲጠራ ኖረ። መጽሔቱም ዛሬ ከደብዳቤዋ ጋር ማስጠንቀቂያ አያይዟል።

ይህ የሆነው ጠቃሾቹ ስለዋሹ አይመስለኝም። አልሄዱም፤ ነገሩ ይህ ነው። አንዱ የጠቀሰውን ሌላው አየና ገለበጠ። ይህን የሚያረጋግጥ ብልሃት ሚኻኤል ሲምኪንና ቭዋኒ ሮይቻውዱሪ የተባሉ የካሊፎርኒያ ሰዎች በ2003 አሳይተዋል። በጥቅስ ውስጥ የቅጽና የገጽ ቁጥር ስሕተቶችን ለቀሙ፤ አንድ ዓይነት ስሕተት በብዙ ሰው ጽሑፍ ላይ ሲደጋገም፣ ሰዎቹ ከምንጩ ሳይሆን እርስ በርስ እንደገለበጡ ይታወቃል። በስሌታቸው መሠረት ጽሑፉን አንብቦ የሚጠቅሰው ከአምስት አንዱ ያህል ነው። ይህ ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የግእዝ ብራናዎችን የሚያመሳክር ሊቅ የሚሠራበት ነው፦ ሁለት ብራናዎች አንድ ዓይነት ግድፈት ካላቸው ከአንድ እናት ተቀድተዋል። ደብተራው የዘለላት መስመር ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ዘሩን ትናገርበታለች። የዘመኑ ምሁር ግድፈትም እንዲሁ።

ከዚህም የባሰ አለ። ለደራሲዎች መመሪያ እንዲሆን አንድ ትልቅ አሳታሚ ዋቢ እንዴት እንደሚጻፍ ለማሳየት ምሳሌ ፈጥሮ ነበር፤ «የሳይንሳዊ ጽሑፍ አጻጻፍ ጥበብ» የሚል ርእስ፣ ሦስት ደራሲዎች፣ 2000 የሚል ዓመት፣ ቅጽና ገጽ ያለው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በዓለም የለም። በ2017 ሲጣራ 400 ጊዜ ገደማ ተጠቅሶ ተገኘ። ሰው ምሳሌውን ከቅጹ ላይ ሳያነሣ ትቶታል፤ ማሽን ደግሞ ቆጥሮታል። በዚያን ጊዜ እንደ ጉድ ተወራ። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሌለ ዋቢ መፍጠርን የዕለት ሥራ አደረገው። በኒው ዮርክ አንድ ተሳፋሪ በአውሮፕላን ውስጥ የምግብ ጋሪ ጉልበቴን ጎዳኝ ብሎ አቪያንካ የተባለውን አየር መንገድ ከሰሰ። ጠበቆቹ በቻትጂፒቲ ተረድተው ያቀረቡት ጽሑፍ የዳኛ ስም፣ የመዝገብ ቁጥርና የፍርድ ቃል ያላቸው ፍርዶችን ጠቀሰ። ተቃራኒው ወገን ፈልጎ አጣቸው። ዳኛ ኬቨን ካስል ፍርዶቹን አምጡ ሲሉ ጠበቆቹ ያመጡት ያው ማሽን የጻፈውን ነበር። በ2023 ሰኔ ወር 5 ሺህ ዶላር ተቀጡ። ችሎቱ ምስክር ሲጣራ ያልተወለደ ሰው ስም ተጠራ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ችሎቶች ተመሳሳይ ነገር ታይቷል።

ቃሉ የሚኖርባቸውን ሌሎች ቤቶች ፈጠን ብዬ ልለፋቸው፤ ከአንዱ በቀር። በፈረንሳይ ጦር ስሙ በዕለት ትእዛዝ ውስጥ የተጠራ ወታደር ክብር ይሰጠዋል፤ በ1915 የተቋቋመው የጦር መስቀል ሜዳይ ለእንዲህ ያሉት ነበር። በአሜሪካ የሜዳይ ተሸላሚ ጀብዱ የሚነበብበት ጽሑፍ በዚሁ ቃል ይጠራል። በ1948 ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈ፣ በ1951 በሽልማት ሚሊዮን ዶላር የደረሰ የመጀመሪያው ፈረስ ስሙ ሳይቴሽን ነበር፤ የግል ጄት አውሮፕላንና የሸቭሮሌት መኪናም በዚህ ስም ተሰይመዋል። መዝገበ ቃላቱ ግን የሚያቆም ቤት ነው። ጄምስ መሪ በአትክልት ቦታው በሠራው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የኦክስፎርድን መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ከአገሩ ሁሉ በጎ ፈቃደኞች በወረቀት ቁራጭ ዓረፍተ ነገር እየቀዱ ላኩለት። በ1928 ሥራው ሲያልቅ የታተሙት ጥቅሶች ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከላኪዎቹ አንዱ ዊልያም ማይነር በአእምሮ ሕመም ሰው ገድሎ ብሮድሙር በተባለ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ የተዘጋበት አሜሪካዊ ሐኪም ነበር፤ ከክፍሉ ሳይወጣ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን ምስክር አቆመላቸው። በእኛም በኩል ጀርመናዊው ሊቅ ዲልማን በ1865 ያወጣው የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ በኋላም የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ግስ፣ ለቃሉ ፍቺ ከመጻሕፍት ቃል ይጠራሉ። ቃል ራሱ ምስክር ይሻል ማለት ነው።

መጥቀስን ከፈረንጅ የተማርነው እንዳይመስል አንድ ነገር ልበል። የአንድምታ መምህር ፍቺውን ሲሰጥ ንባቡን በግእዝ ያመጣና «እንዲል» ብሎ ይዘጋል፤ ምስክሩን ከነቃሉ አቅርቦ፣ ቀጥሎም «አንድም» ብሎ ሌላ መንገድ ይከፍታል። ሁለት ሊቃውንት የማይስማሙበትን ሁለቱንም ይጠራል እንጂ አንዱን አይደብቅም። በወሎ መስጊዶች ሐዲስ የሚያቀራ ሼህ ደግሞ ቃሉን ከነሰንሰለቱ ያመጣዋል፤ እገሌ ከእገሌ ሰማ፣ እርሱም ከእገሌ። ከሰንሰለቱ አንዱ ዋሾ ወይም ዝንጉ ከሆነ ሐዲሱ ይዳከማል። በ870 ያረፉት ኢማም ቡኻሪ የደከሙት እነዚህን ሰዎች በመመዘን ነው። የደብዳቤዋ 608 ጠቃሾች በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ ስንቱ ያልፋል? የአባቶች ሁሉ አጠቃቀስ ንጹሕ ነበር አልልም። ክብረ ነገሥት ዶሚቲዮስ የተባለ ሊቀ ጳጳስ በቅድስት ሶፍያ አገኘው የሚለውን መጽሐፍ ምስክር አድርጎ ይጠራል፤ ያ መጽሐፍ ግን በእጅ የገባ አይደለም።

የማዝንበትን ለመጨረሻ አስቀምጫለሁ። የዓለም የአጠቃቀስ ደንብ የተቀረጸው የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። በ1881 የሃርቫርዱ የእንስሳት ሊቅ ኤድዋርድ ማርክ በጽሑፉ ውስጥ የደራሲ ስምና ዓመት በቅንፍ ማስገባት ሲጀምር፣ የኋለኛው ስም የሰውየው ነው ብሎ ነው። የእኛ የኋለኛ ስም የአባት ነው። ባሕሩ ዘውዴ በ1991 የዘመናዊት ኢትዮጵያን ታሪክ ሲያወጡ «ዘውዴ 1991» ተባሉ። ታደሰ ታምራት በ1972 ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉት «ታምራት» ሆነ። ሥርግው ሐብለ ሥላሴም «ሥላሴ፣ ሥ.» ተብለው የሚገኙበት ዝርዝር አለ፤ ስማቸው ለሁለት ተቆርጦ። የተጠራው ሌላ ሰው ነው። ማውጫው ደግሞ የሚቆጥረው ስሙን ስለሆነ፣ አንዱ ጸሐፊ እዚህ በራሱ፣ እዚያ በአባቱ ስም ተበትኖ ይገኛል። አንዳንድ ጊዜም ከበደ የሚል አባት ያላቸው የማይተዋወቁ አሥር ሰዎች በአንድ ከረጢት ይገባሉ። በ2012 የተጀመረው ኦርኪድ የሚባለው 16 አሃዝ ያለው የተመራማሪ መለያ ጉዳቱን ያስታግሳል፤ ግን ሰውን በስሙ መጥራት አቅቶን በቁጥር መጥራታችን ነው።

የሚደረግ አልጠፋም። ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ኤንሳይክሎፒዲያ ኢቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም አስቀድሞ፣ ሳይገለብጥ ያሰፍራቸዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ ነው የመዘገባቸው። አይስላንዶችም እንደ እኛ የአባት ስም ስለሚይዙ የስልክ ማውጫቸው እንኳ ይደረደር የነበረው በራስ ስም ነው። ዓመቱም ሌላ ችግር ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ መዝገበ ቃላት ላይ የታተመው 1948 ዓ.ም. ነው፤ ይህ በፈረንጅ 1955 እና 1956 ላይ ይውላል። ዓ.ም. ሳይጨምር የጠቀሰ ሰው መጽሐፉን ሰባት ዓመት አስቀድሞ ያሳትመዋል።

እኔ አርትዖት የማደርግለት ሰው ጽሑፍ ሲመጣ መጀመሪያ የምከፍተው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነባቸዋለሁ፤ ባሕሩ፣ ታደሰ፣ ሥርግው። ከዚያ መጽሐፋቸውን ከመደርደሪያ አውርጄ፣ ተጠርተው የተባለውን በእርግጥ ብለው እንደሆነ ገጹን አያለሁ።